ሲሰካ ይሰራል፣ ሲነቀል ይጠፋል፦ የአንዲት ጀልባ የኤሌክትሪክ ጉዳይ

ሐይቅ ላይ ሰው የምታዝናና አንዲት የብረት ጀልባ አለች። ጣሪያ አላት፣ ዙሪያዋን ወንበር አላት፣ ከኋላ የቤንዚን ሞተር ተገጥሞላታል። ሆዷ ዝጎ ስለነበር ለብየዳና ለቀለም በኤፍኤስአር ተጭና ደሴን አቋርጣ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። ብየዳ ቤቱ ግቢ ውስጥ ግንድ ላይ አስቀመጧት። እኔ የተጠራሁት "እግረ መንገድህን ኤሌክትሪኩንም እይልን" ተብዬ ነው። የእኔ ስራ ጄኔሬተር፣ ሶላርና ኢንቨርተር ነው። ሽቦው ጀልባ ላይም ቢሆን ያው ሽቦ ነው፣ የሚለየው ውሃው ነው።

ቅሬታቸው እንዲህ ነበር። ዳር ላይ ታስራ ሶኬት ሲሰካላት ሁሉም ነገር ይሰራል። መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ ትንሿ ፍሪጅ፣ የስልክ ቻርጁ፣ ሁሉም። ገመዱን ነቅለው ውሃው መሃል ሲገቡ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም ይላል። ኢንቨርተርም አይበረክትላቸውም፤ ሁለት ተቃጥሎ አሁን ያለው ሦስተኛው ነው። የጀልባዋ ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ነገሩን ጨርሰውታል፦ "ባትሪ ነው ልጄ። ባትሪውን ቀይርልንና እንሂድ።"

ሌላው ቅሬታ ከሾፌሩ መጣ፣ ያውም ሊወጣ ሲል እንደ ዋዛ።

"ደግሞ አንዳንዴ ትነዝራለች" አለኝ።

"አንዳንዴ ማለት?"

"አንድ ቀን ትነዝራለች፣ አንድ ቀን ምንም የለም። ወላሂ እኔም አላወቅኳትም።"

"ውስጥ ቁጭ ብለህ ነው የምትነዝርህ?"

"ኧረ ውስጥ ምንም አትልም። ስወጣና ስገባ ነው፣ አንድ እግሬ መሬት ላይ ሲሆን።"

ባለቤቱ ሳቁ። "ርጥበት ነው፣ ተወው" አሉ። እኔ ግን ስራዬን የጀመርኩት ከዚህ ከመጨረሻው ነው። ባትሪ ቢሞት ሰው በጨለማ ይመለሳል፣ ከዚህ የባሰ ነገር አይመጣም። ዳር ቆሞ የጀልባ ብረት የያዘ ሰው ነዘረው ማለት ግን ብረቱ ላይ መኖር የሌለበት ቮልቴጅ አለ ማለት ነው። ውስጥ የተቀመጠው የማይነዝረው መላ አካሉ ከብረቱ ጋር እኩል ቮልቴጅ ላይ ስለሆነ ነው። ሽቦ ላይ የተቀመጠች ወፍ የማትሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ እግሩ መሬት ሲነካ ግን መንገድ ተከፈተ።

ወደ ፍተሻው ከመግባቴ በፊት የጀልባ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፣ ያለበለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። ጀልባ ላይ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለ። አንደኛው ከባትሪ የሚመጣው 12 ቮልት ዲሲ ነው፤ መብራቱ፣ የውሃ መቅጃ ፓምፑና የሞተሩ ማስነሻ በእሱ ነው የሚሰሩት። ሁለተኛው ከዳር በገመድ የሚመጣው 220 ቮልት ኤሲ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በሁለት ዕቃ ብቻ ነው። ቻርጀር 220ውን ወደ 12 አውርዶ ባትሪ ይሞላል። ኢንቨርተር ደግሞ በተቃራኒው ከባትሪው 12 ወስዶ 220 ይሰራል። ቻርጀር የሚሰራው ጀልባዋ ሶኬት ላይ ስትሆን ነው፣ ኢንቨርተር የሚሰራው ስትነቀል ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ችግር አለ። ይቺን ያዙልኝ።

ጀልባ በብዛት ባለበት አገር ይሄ ነገር ወግ አለው። አውሮፓ ወደብ ላይ በየጀልባው ማቆሚያ አጠር ያለ ምሰሶ ይቆማል፤ ላዩ ላይ ባለ ሦስት እግር ሰማያዊ ሶኬት አለ፣ 230 ቮልት፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 አምፔር። አሜሪካኖቹ ለትናንሽ ጀልባ 120 ቮልት 30 አምፔር ይጠቀማሉ። ዋናው ነገር ቁጥሩ አይደለም፣ ሦስተኛው ሽቦ ነው፣ ወደ መሬት የሚወስደው ግራውንዱ። ከሱ ጋር ደግሞ አርሲዲ የሚባለው ብሬከር አለ። አርሲዲ በፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መመለሱን ያያል፤ ትንሽ እንኳን ከጎደለ፣ ለምሳሌ 30 ሚሊ አምፔር፣ በሰከንድ ክፋይ ይቆርጣል። ተራው ብሬከር እንዲህ አያደርግም። ባለ 16 አምፔሩ የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። 3 እና 4 አምፔር ወደ መሬት ቢሾልክ እሱ ዝም ብሎ ያያል፣ ሰው ለመግደል ግን የዚያ ትንሽ ክፋይ ይበቃል።

እኛ ጋ ምሰሶው የለም። ሐይቅ ዳር እትዬ ቡና የሚያፈሉባት ቤት አለች፣ ሶኬቱ የሳቸው ነው። ከዚያ ባለ ሁለት ሽቦ ቀጭን ገመድ ይዘረጋል፤ መሃሉ ላይ ተቀጥሎ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ጀልባዋ ጋ ሲደርስ አንድ ዲቫይደር ይሰካበታል። ግራውንድ የለም፣ አርሲዲ የለም፣ ጀልባዋ ላይ ብሬከርም የለም። ሁሉም ነገር ከዚያች ዲቫይደር ነው የሚወጣው።

ያንኑ ገመድ ይዘውት ስለመጡ ግቢው ውስጥ እንዳለ ሰካሁት። አካባቢውን አስለቅቄ፣ ላስቲክ ጫማ አድርጌ። ርጥብ መሬት ላይ ፌሮ ተክዬ መልቲሜትሩን በፌሮውና በጀልባዋ ብረት መሃል አስገባሁ። 3 ቮልት። ምንም የለም ማለት ነው። ባለቤቱ "አላልኩህም?" የሚል ፊት አሳዩኝ። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ገልብጬ መልሼ ሰካሁት። 214 ቮልት።

የሾፌሩ "አንዳንዴ" መልስ አገኘ። የእኛ ባለ ሁለት እግር ሶኬት በፈለግከው በኩል ይገባል፣ ፌዙ ዛሬ ግራ ቢሆን ነገ ቀኝ ነው። በአንድ በኩል ሲሰካ ብረቱን የሚነካው ሽቦ ኒውትራል ይሆናል፣ ሰው አይሰማውም። ሲገለበጥ ያው ሽቦ ፌዝ ሆኖ ጀልባዋ በሙሉ ፌዝ ትሆናለች። ጠዋት ጠዋት ገመዱን የሚሰካው ልጅ ሳያውቀው ሎተሪ እያወጣ ነበር።

ይሁን እንጂ ሜትር ላይ ቮልት ታየ ተብሎ ወዲያው ሽቦ ተልጧል አይባልም። ቻርጀርና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ከፌዝ ወደ ቆርቆሮው የሚያሾልኩ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ግራውንድ ከሌለ ቆርቆሮው 100 እና 110 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ ነገር ግን ጉልበት የለውም፤ እጅ ላይ ዝንብ እንደሚሄድ ያለ ስሜት ነው። መለያው ቀላል ነው። ያንን ቮልቴጅ የድሮ ባለ ፈትል አምፖል አስይዘው። ማሾለክ ከሆነ አምፖሉ ሲገባ ቮልቱ ወርዶ ዜሮ አካባቢ ይሆናል። እዚህ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። ስለዚህ ማሾለክ አይደለም፣ የሆነ ቦታ መዳብ ብረት ነክቷል። (ይሄንን ሙከራ ቤታችሁ አትሞክሩት። ሁለቱም ጫፍ በደንብ የተሸፈነ መሆን አለበት፣ ሥራውም የለመደ እጅ ይፈልጋል።)

ሁሉንም ነቅዬ በሜገር (የሽቦ ሽፋን ማሾለክ አለማሾለኩን በሚለካው መሣሪያ) አንድ በአንድ ለካሁ። ፍሪጇ ደህና፣ ቻርጀሩ ደህና። ከኋላው ወንበር ሥር ወደ ፍሪጇ የሚሄደው መስመር ግን አንደኛው ሽቦ ከብረቱ ጋር የተገናኘ ያህል ነበር፣ ጥሩ ሽቦ ከ1 ሜጋ ኦም በላይ ማሳየት ነበረበት። ወንበሩን በካቻቢቴ ፈታነው። ላሜራው በትራፓኖ ተበስቶ ገመዱ በቀዳዳው አልፏል፣ ላስቲክ አልተደረገለትም። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። ሰው ወንበሩ ላይ በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር፣ ማዕበል ጀልባዋን በነቀነቃት ቁጥር፣ ያ ጠርዝ ገመዱን ሲገዘግዘው ከርሟል። የላይኛው ነጭ ፕላስቲክ ተቆርጧል፣ ውስጥ ያለው ሰማያዊም ተቆርጧል፣ ከሥሩ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ከብረቱ ዝገት ጋር ተጣብቋል። አምፖሉ ደብዝዞ የበራው ዝገቱና የቀለሙ ትርፍራፊ መሃል ስለነበሩ ነው። የእትዬ ቤት ብሬከር ያልወደቀውም ለዚሁ ነው።

ባለቤቱን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዝም አሉ። "ልጆቹ እኮ ሥሯ ነው የሚዋኙት" አሉ ትንሽ ቆይተው።

እውነታቸውን ነው፣ ትልቁ አደጋም ይኸው ነበር። የዚህ ሐይቅ ውሃ የባህር ውሃ አይደለም፣ ያን ያህል ጨው የለውም። የባህር ውሃ ከሰው አካል የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ሰውየውን ትቶ በውሃው ይሄዳል። ጨው አልባ ውሃ ላይ ግን የተሻለው መንገድ የሰው አካል ነው። ፌዝ ከሆነች ጀልባ አጠገብ የሚዋኝ ልጅ 10 ሚሊ አምፔር እና ከዚያ በላይ ካገኘው ጡንቻው ይታሰራል፣ መዋኘት ያቅተዋል፣ ይሰምጣል። አካሉ ላይ የቃጠሎ ምልክት ላይኖር ይችላል፣ ሰው "ዋና ሳይችል ገብቶ ነው" ይላል። ለማዳን የሚዘለውም ያው ነው የሚያገኘው። የሚደረገው መጀመሪያ ገመዱን መንቀል ነው፣ ከዚያ ነው ወደ ውሃ።

ወደ ባትሪውና ወደ ኢንቨርተሩ እንምጣ። እዚህ ያየሁት ነገር እስካሁን ይገርመኛል። የኢንቨርተሩ መውጫ ላይ ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ተሰክቷል። አንዱ ጫፍ ኢንቨርተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ያችው ዲቫይደር ላይ። ሐሳቡ ገብቶኛል። ሲነቀሉ ኢንቨርተሩን አብርተው ሁሉም ሶኬት እንዲሰራ ነው የፈለጉት። ብልህ ሐሳብ ይመስላል፣ ግን ሦስት ነገር አምጥቷል።

አንደኛ፣ ዲቫይደሯ ከዳሩ ገመድ የምትገናኘውም በራሷ ወንድ ሶኬት ነው። ኢንቨርተሩ በርቶ ያንን ሶኬት የነቀለ ሰው እጁ ላይ ባዶ ሆነው የቀሩት የሶኬት እግሮች፣ የዳሩ ገመድ ዲቫይደሯን ይዞ ከቀረ ደግሞ በእትዬ ቤት በኩል ያሉት፣ 220 ቮልት አላቸው።

ሁለተኛ፣ ኢንቨርተሩን ሳያጠፉ ዳር ደርሰው የሰኩ ዕለት የኢንቨርተሩ 220 እና የመስመሩ 220 ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሁለቱ በአንድ ምት አይሄዱም፣ ይላተማሉ፣ የሚሸነፈው ሁሌም ኢንቨርተሩ ነው። ሁለቱ ኢንቨርተሮች የሄዱት በዚህ ነው። ሻጩን "ፎርጅድ ሸጠህልን" ብለው ተጣልተውት ነበር፣ ሰውየው ምንም አላደረገም።

ሦስተኛው "በግማሽ ሰዓት ድርግም" የሚለው ነው። ቻርጀሩ ከዲቫይደሯ ተነቅሎ አያውቅም። ስለዚህ ውሃ ላይ ኢንቨርተሩ ሲበራ ባትሪው ኢንቨርተሩን ይነዳል፣ ኢንቨርተሩ ቻርጀሩን ይነዳል፣ ቻርጀሩ ደግሞ ያንኑ ባትሪ ሊሞላ ይታገላል። በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካው) ስለካው ከባትሪው 34 አምፔር ገደማ ይወጣል፣ 20 ገደማ ይመለሳል። ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ፍሪጅም መብራትም ሳይበራ በየሰዓቱ 14 አምፔር-ሰዓት መና ይቀራል ማለት ነው። በላዩ ላይ ፍሪጇንና ሙዚቃውን ጨምር።

ባለቤቱ "ታዲያ ባትሪው ደህና ነው?" አሉ። አይደለም። በዚህም ልክ ነበሩ፣ ባትሪዎቹም ሞተዋል። ግን አሟሟታቸው የራሱ ታሪክ አለው። ቻርጀሩ ርካሽ ስለሆነ ባትሪው ሲሞላ ወደ 13.5 አካባቢ አይወርድም፣ ሌላው ዕቃ ጠፍቶ እንኳን 14.7 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ገበያ በሌለበት ሰሞን ጀልባዋ ለቀናት ሶኬት ላይ ስትውል ስታድር ባትሪው ሲፈላ ነበር፣ ውሃውን ጨርሶ ሰሌዳዎቹ ደርቀዋል። ያ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፤ ባትሪው የተቀመጠው ደግሞ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ ከቤንዚን ጀሪካኑ አጠገብ። ስለዚህ ነገር ብዙም ማውራት አልፈልግም።

ሶኬት ላይ ሆና የሞተ ባትሪ ለምን አይታወቅም? ምክንያቱም መብራቱን የሚያበራው ያኔ ባትሪው አይደለም፣ ቻርጀሩ ነው። ይሄ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ጀልባን ሶኬት ላይ አድርገህ "ደህና ናት" ብትል ያየኸው የእትዬን ቆጣሪ ነው፣ ጀልባዋን አላየሃትም። ጤንነቷን ማወቅ ከፈለግክ ገመዱን ንቀል፣ ሌሊቱን ሙሉ አሳድራት፣ ባትሪዎቹን ለየብቻ አድርገህ ጠዋት ለካ። 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ 11.9 ከሆነ ባዶ በለው። ወዲያው እንደነቀልክ የምታገኘው 12.8 እና 12.9 ውሸት ነው፣ ከላይ የተንሳፈፈ ነው፣ ትንሽ መብራት ስታበራበት ይወርዳል። የእነዚህ ባትሪዎች የጠዋት ንባብ አንዱ 12.3፣ አንዱ 11.8 ነበር። 20 አምፔር ሲጫንባቸው ሁለቱም ከ10.5 ወረዱ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆነው አብረው መታሰራቸውም አላገዛቸውም፣ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

ጥገናው ላይ ብዙ ተከራከርን። እኔ ኢንቨርተሩ ይቅር ብዬ ነበር። መብራቱ 12 ቮልት ነው፣ የስልክ ቻርጅ በ12 ቮልት ይሆናል፣ ሙዚቃውም የመኪና ቴፕ ቢሆን በ12 ይሰራል። ሾፌሩ እንቢ አለ። "ሙሽሮች ሲመጡ ካሜራ ማኖቹ ሶኬት ይጠይቃሉ" አለ። ልክ ነው። ስለዚህ ኢንቨርተሩ አንድ ሶኬት ብቻ ተሰጠው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ከሌላው መስመር ጋር በምንም የማይገናኝ። ቼንጅ ኦቨር (ከሁለቱ መስመር አንዱን ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ) መግጠምም ይቻል ነበር። ግን ሰው የማይሳሳትበት ነገር ይሻላል፣ ያልተገናኘ ሽቦ አይላተምም። ወንድ ለወንድ የሆነውን ገመድ እዚያው ፊታቸው በፒንሳ ቆረጥኩት።

የዳሩን መስመር ከባዶ ሰራነው። ገመዱ ባለ ሦስት ሽቦ፣ 2.5 ካሬ፣ ጎማ የለበሰ፣ ያልተቀጠለ አንድ ወጥ። ባለ 30 ሚሊ አምፔሩን አርሲዲ ያስገባነው ጀልባዋ ላይ ሳይሆን እትዬ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፣ ገመዱ ራሱ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዲቆርጥ። ጀልባዋ መግቢያ ላይ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚያጠፋ ብሬከር ገባ፣ ሶኬት ይገለበጣል ብለናልና አንዱን ብቻ የሚቆርጥ እዚህ አይረባም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ላስቲክ ተደረገላቸው። ባትሪዎቹ አንድ ዓይነት፣ አንድ ጊዜ የተገዙ፣ አየር የሚያስወጣ ሳጥን ውስጥ፤ ከፕላሱ ሳይርቅ ፊውዝ። ቻርጀሩ ሲሞላ ራሱ በሚወርድ ተቀየረ። ቤንዚኑ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ።

ግራውንዱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። የመሬት ዘንግ ብለው መዳብ የተለበጠውን ሊገዙ ነበር፣ አስቀረሁት። መዳብ መሬት ውስጥ፣ ብረት ውሃ ውስጥ፣ በመሃል ግራውንድ ሽቦ፤ ይሄ ራሱ ባትሪ ነው፣ የሚበላው ደግሞ የጀልባዋ ሆድ ነው። አሁን ብየዳ ቤት ያመጣትም ዝገት ነው። ትልልቅ ወደቦች ላይ በአንድ ግራውንድ የተያያዙ ጀልባዎች እርስ በርስ የሚበላሉት በዚሁ ነው፤ እነሱ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ዕቃ ያስገባሉ፣ ሆዱ ላይም ቀድሞ የሚበላ ብረት ይለጥፋሉ፣ ለባህር ዚንክ፣ ለጨው አልባ ውሃ ማግኒዢየም። እኛ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ተከልን። "ታዲያ ግራውንዱን ለምን አንቆርጠውም?" ያለኝ ሰው ነበር። ዝገት በቀለም ይታከማል። ግራውንዱ አይቆረጥም። ገመዱ ግን ሥራ ከሌለ ይነቀል።

ጀልባዋ ተመለሰች። ውሃ ላይ ሆና ሶኬቱን በሁለቱም በኩል እየገለበጥኩ ለካሁ፣ በሁለቱም ከ1 ቮልት በታች። የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ሾፌሩ ራሱ ተጫነው፣ ጠብ አለ። በየወሩ እንዲጫነው ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ባለቤቱ አንድ ማታ ደወሉ። "ልጄ፣ ይሄ ያስገባኸው ነገር ዝናብ ሲመጣ ይወድቃል። አንድ ልጅ እናልፈው እያለኝ ነው።" "በጭራሽ እንዳትነኩት ጋሼ" አልኳቸው። ስሄድ ነገሩ ሌላ ነው፦ እትዬ የውጭ መብራታቸውን ከዚያው ከአርሲዲው ሥር ቀጥለውበታል፣ የአምፖሉ መያዣ ውሃ ያስገባል። መያዣው ተቀየረ፣ ቆመ። ፍሪጇን በተመለከተ ግን እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ከደሴ በረዶ አምጥተው በሳጥን ይያዙ እላለሁ፣ እሳቸው ደንበኛ ፍሪጅ ሲያይ ደስ ይለዋል ይላሉ።